ንብና አንበጣ

በሞቃት አገር እርሻ ላይ ከሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት መካከል እንደ ንብና እንደ አንበጣ ስማቸው በሰው አፍ ዘወትር የሚነሣ እምብዛም አይገኝም። ሁለቱም ክንፍ አላቸው፤ ሁለቱም ባለ 6 እግር ናቸው፤ ሁለቱም በብዛት ይራባሉ፤ ሁለቱም ጊዜ ሲደርስ ስፍራቸውን ለቀው በመንጋ ይበርራሉ፤ የሁለቱም ኑሮ ምድር ከምታበቅለው ለምለም ነገር ላይ ነው። ነገር ግን አንዱ የመጣ እንደ ሆነ ባለ እርሻው ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ቤተ ሰቡን ሁሉ ይዞ ለማባረር ይወጣል፤ ሌላይቱ የመጣች እንደ ሆነ ግን ቀፎውን መልካም ሽታ ባለው ዕፅ አጥኖ፥ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ደጅ ደጁን ይጠብቃታል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን እነዚህን ሁለቱን ለማነጻጸር የመረጥነው ንብን ለማመስገንና አንበጣን ለመርገም ብቻ አይደለም። ይህንንማ አባቶቻችን በምሳሌም በተረትም ከእኛ አስቀድመው ፈጽመውታል። የእኛ ምክንያት ሌላ ነው። ሰው አንበጣን ለማጥፋት በተነሣ ጊዜ ንብን ደግሞ አብሮ እንደሚያጠፋ በቅርቡ ዘመን ታይቷልና፥ የሁለቱን ጠባይና አኗኗር ለይቶ ማወቅ ለቤት ጌታና ለቤት እመቤት፥ ይልቁንም ሹመት ተቀብሎ ሕዝብን ለሚያስተዳድር ሰው፥ እጅግ አስፈላጊ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

አስቀድመን ስለ አካላቸው እንናገር። አድጎ ክንፍ ያወጣ አንድ የበረሃ አንበጣ ክብደቱ 2 ግራም ያህል ነው። አንዲት ሠራተኛ ንብ ግን ከአንድ ግራም 10ኛው እጅ ገደማ ብቻ ትመዝናለች። እንግዲህ አንድ አንበጣ በሚዛን ቢቀመጥ ከ20 ንቦች ጋር ይተካከላል ማለት ነው። የአንበጣ አፍ እንደ መቀስ ግራና ቀኝ እየተጋጠመ ቅጠሉንም አገዳውንም የሚቈርጥ ብርቱ መንጋጋ አለው። የንብ ምላስ ግን ረዥምና ቀጭን ሆኖ አበባው ሳይጐዳ ከውስጡ ያለውን ጣፋጭ ውሃ ለመቅሰም የተዘጋጀ ነው። የኋላ እግራቸውን ያየን እንደ ሆነ ደግሞ ልዩነታቸው ይበልጥ ይገለጣል። የአንበጣ የኋላ እግር ረዥምና ጡንቻማ ሆኖ ለመዝለል የተሠራ ነው። የንብ የኋላ እግር ግን በጠጕር የታጠረ እንደ ቅርጫት ያለ ስፍራ አለውና የአበባውን ዱቄት እየጠቀለለች በዚያ ተሸክማ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የአንዱ እግር ለመሸሽና ለመድረስ፥ የሌላይቱ እግር ለመሸከም ሆኖ ተፈጠረ።

አወላለዳቸውና አስተዳደጋቸውም እንዲሁ የተለያየ ነው። እንስቲቱ አንበጣ ዝናም ያራሰው አሸዋማ መሬት ባገኘች ጊዜ ጭራዋን ወደ ምድር ሰድዳ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 150 ገደማ የሚሆን እንቁላል ባንድ ስፍራ ትጥላለች፤ በላዩም አረፋ መሰል ነገር ደፍና ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ልጇን አታይም፥ ልጇም እናቱን አያውቅም። ምድሪቱ ሞቃት ከሆነች በ2 ሳምንት ገደማ ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ይፈለፈላል፤ ከተፈለፈለበትም ቀን ጀምሮ የሚበላውን የሚፈልገው ራሱ ነው። 5 ጊዜ ያህል ቆዳውን ከለወጠ በኋላ ክንፍ አውጥቶ ይበርራል።

ንብ ግን ያለ ሞግዚት አታድግም። አውራይቱ እንቁላሏን በሰም ጕድጓድ ውስጥ በጣለች በ3ኛው ቀን ትሉ ይወጣል፤ ወዲያውም ወጣት ሠራተኞች ንቦች እየተመላለሱ ይመግቡታል፤ ብርድ እንዳያገኘው ይሸፍኑታል፤ ሙቀት እንዳይበረታበትም በክንፋቸው ያራግቡለታል። እንዲህ ሆኖ ሠራተኛዋ በ21ኛው ቀን፥ ድንጉላው በ24ኛው ቀን፥ አውራይቱም በ16ኛው ቀን ፍጹም ንብ ሆነው ይወጣሉ። ይልቁንም የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው፦ ሠራተኛይቱና አውራይቱ የሚወለዱት ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው። ልዩነታቸው ከምግባቸው የመጣ ነው። ሞግዚቶቹ ከራሳቸው የሚያመነጩትን ወተት መሰል ምግብ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ የሰጧት አውራ ትሆናለች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ማርና የአበባ ዱቄት የተቀላቀለበት ምግብ የተሰጣት ግን ሠራተኛ ትሆናለች። ልጅ ለሚያሳድግ ቤት ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይገኛል? መወለድ አንድ ሆኖ ሳለ አያያዝ ለየቅል ያደርጋል።

አሁን ደግሞ ስለ ጠባያቸው እንመልከት። ብዙ ሰው አንበጣ ከተፈጠረ ጀምሮ መንጋ ሆኖ የሚኖር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የበረሃ አንበጣ በድርቅ ጊዜ ለብቻው የሚኖር፥ መልኩ አሸዋ ወይም ቅጠል የሚመስል፥ ሌሊት ሌሊት የሚበርር፥ ወንድሙን ባየ ጊዜ የሚሸሽ ዓይናፋር ፍጥረት ነው። በዚህ ዓይነት ሲኖር በእርሻ ላይ የሚያደርሰው ጕዳት ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ዝናም ዘንሞ ሣሩ በበቀለ ጊዜ ይበዛል፤ ዝናሙ አቋርጦ ሣሩ በየስፍራው ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ግን የበዛው ሁሉ በጥቂቱ ለምለም ላይ ይከማቻል። በዚያን ጊዜ እርስ በርሱ ይገፋፋል፤ የኋላ እግሩም ደጋግሞ ይነካካል። በዚህ መነካካት ምክንያት ጠባዩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተለውጦ፥ ይሸሸው የነበረውን ወንድሙን መከተል ይጀምራል። መልኩም በተከታዩ ትውልድ ይለወጣል፤ ኩብኩባው ቢጫና ጥቍር፥ ክንፍ ያወጣው መጀመሪያ ቀይ ዳማ፥ በኋላም ፍጹም ቢጫ ይሆናል።

ለብቻው የሚኖረውና መንጋ ሆኖ የሚሄደው አንበጣ ሁለት ልዩ ልዩ ዘር መስሏቸው ሊቃውንት ለብዙ ጊዜ ተሳስተው ነበር። ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓመት አንድ ዘር በሁለት ጠባይ ሊኖር እንደሚችል ገልጦ ጻፈ። ከዚያም ብዙ ዘመን ቈይቶ በ2009 ዓመት፥ ሴሮቶኒን የተባለ፥ በሰው አካል ውስጥም የሚገኝ ቅመም በአንበጣው ሰውነት በበዛ ጊዜ ይህ የጠባይ ለውጥ እንደሚጀምር ተመራማሪዎች አስረዱ። እንግዲህ አንበጣን አንበጣ ያሰኘው መገፋፋትና መጨናነቅ ነው እንጂ የልደቱ ክፋት አይደለም።

በምሳሌው መጽሐፍ የተጻፈው የአጉር ቃል አንበጣ ንጉሥ ሳይኖረው በሥርዓት እንደሚወጣ ይናገራል። የአንበጣ ሠራዊት ሲጓዝ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ይመሰክራል፤ አዛዥ የለም፥ ሰልፉ ግን አይፈርስም። ሰልፉ ስለ ምን እንደማይፈርስ ግን በዘመናችን የመረመሩ ሰዎች የደረሱበት ነገር ያስደነግጣል። ኩብኩባ ምግብ ሲያንሰው፥ በተለይም ሥጋን የሚገነባው ምግብ ሲጐድለው፥ ከፊቱ ያለውን ወንድሙን ከኋላው ይነክሰዋል፤ ካገኘውም ይበላዋል። ከፊት ያለውም እንዳይበላ ወደ ፊት ይሮጣል፤ እሱም ደግሞ በተራው ከፊቱ ያለውን ይነክሳል። እንዲህ ሆኖ ሚሊዮን ኩብኩባ አንድ ልብ ያለው መስሎ ባንድ አቅጣጫ ይጓዛል። ከሩቅ ለሚያየው ኅብረት ነው፤ ቀርቦ ለመረመረው ግን እያንዳንዱ ከኋላው የሚመጣውን ጥርስ እየሸሸ፥ በፊቱ ያለውን ሥጋ እየተመኘ የሚሄድ ነው።

የንብ መንግሥት ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። በአንድ ብርቱ ቀፎ ውስጥ ብዙ አሥር ሺህ ሠራተኞች ይኖራሉ፤ እናታቸውም አንዲት ናት። አባቶቻችን አውራ ብለው ሲጠሯት እንደ ንጉሥ ቈጥረዋት ነበር፤ የአውሮፓ ሰዎችም በዚሁ ግምት ኖረው፥ በ17ኛው መቶ ዓመት ያን ስዋመርዳም የተባለው የሆላንድ ሊቅ አካሏን ከፍቶ የእንቁላል ማኅፀን ባገኘባት ጊዜ ንግሥት መሆኗ ታወቀ። እርሷም ብትሆን ትእዛዝ እየሰጠች የምትገዛ አይደለችም። ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው፤ አበባ በሚበዛበት ወራት በአንድ ቀን ከ1000 በላይ ትጥላለች። ሌላውን ሥራ ሠራተኞቹ በየዕድሜያቸው ተከፋፍለው ይሠሩታል። አዲስ የወጣችው ንብ መጀመሪያ ጕድጓዱን ትጠርጋለች፤ ቀጥላ ሞግዚት ትሆናለች፤ ከዚያ ሰም አውጥታ እንጀራውን ትሠራለች፤ ከዚያም በር ትጠብቃለች፤ 3 ሳምንት ያህል ከሆናት በኋላ ወደ ሜዳ ወጥታ ትቀስማለች። በሥራ ወራት ጠቅላላ ዕድሜዋ 6 ሳምንት ያህል ብቻ ነው።

አበባ ያገኘች ንብም ለብቻዋ አትደብቀውም። ወደ ቀፎዋ ተመልሳ በእንጀራው ላይ ሆዷን እያወዛወዘች ትጨፍራለች። ጭፈራዋ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሆነ አበባው ፀሐይ ባለችበት አቅጣጫ ነው፤ ወደ ጐን ካዘነበለ በዚያው መጠን ከፀሐይ ወደ ጐን ነው፤ ውዝወዛው በረዘመ ቍጥር መንገዱም ረዥም ነው። እኅቶቿም ይህን ተመልክተው ሳይሳሳቱ ይሄዳሉ። ይህን ምስጢር የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው የኦስትርያ ሊቅ በ1973 ዓመት የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። አንዲት ንብ በዕድሜዋ ሙሉ ደክማ የምታዘጋጀው ማር የአንድ የሻይ ማንኪያ 12ኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህንንም ቢሆን እርሷ አትበላው ይሆናል፤ ከሞተች በኋላ ለሚነሡት ትተዋለች።

ሆኖም አንባቢዎቻችን ንብን እንደ ቅዱስ፥ አንበጣን እንደ ሰይጣን እንዳይቈጥሯቸው እናሳስባለን። ንብም ርኅራኄ የማታውቅበት ጊዜ አለ። አበባ በጠፋበት ወራት ድንጉሎቹን ከቀፎ አስወጥታ በረኃብ እንዲሞቱ ታደርጋለች፤ የደከመ ቀፎ ያገኘች እንደ ሆነም ማሩን ዘርፋ ትወስዳለች። አንበጣም ብቻውን ሲኖር ማንንም የማይጐዳ መሆኑን ከላይ ተናግረናል። ፍጥረት ሁሉ በተሰጠው ጠባይ ይኖራል። ሰው ግን ከእነርሱ የሚለየው ውጤቱን አስቀድሞ አስቦ መምረጥ ስለሚችል ነው። እኛም ከዚህ ቀጥለን የምንናገረው ስለ ውጤቱ ነው።

የአንበጣን ሒሳብ እንቍጠር። በአንድ ካሬ ኪሎሜትር ላይ የሰፈረ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖረው ይችላል። እያንዳንዱ በየቀኑ ክብደቱን ያህል ስለሚበላ፥ አንድ ካሬ ኪሎሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ይጨርሳል። ነፋስ የተመቸው እንደ ሆነም በቀን እስከ 150 ኪሎሜትር ይጓዛል። ለመራባት የተመቸ ዝናም ካገኘ በ3 ወር 20 እጥፍ፥ በ6 ወር 400 እጥፍ፥ በ9 ወር 8000 እጥፍ ይሆናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓመት ወደ አገራችን የገባው አንበጣ 167,000 ቶን እህል እንዳጠፋ ተጽፏል፤ ይህም ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ ይበቃ ነበር።

በቅርቡ ዘመን የሆነውንም ብዙዎች በዓይናቸው አይተውታል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. እና በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሕንድ ውቅያኖስ የተነሡ ሁለት ዐውሎ ነፋሶች ሰው በማይኖርበት በዐረብ ምድረ በዳ ላይ ብዙ ዝናም አፈሰሱ። በዚያም አንበጣው ማንም ሳያየው እየተፈለፈለ በዛ። ወደ የመን ተሻግሮ፥ የመንም በጦርነት ላይ ስለ ነበረች በሚገባ የሚከላከለው አላገኘም፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሶማሊያ ገባ። በ2012 ዓ.ም. ወደ ድሬዳዋ ይሄድ የነበረ አንድ አይሮፕላን የአንበጣ መንጋ መስኮቱን ስለ ጋረደው ማረፍ ተስኖት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ዐረፈ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ በወሎና በራያ በኩል ለማጨድ የደረሰው ጤፍና ማሽላ በአንበጣ ተበላ። ገበሬው ዓመት ሙሉ የደከመበት አዝመራ ከሰዓታት በላይ አልቈየም።

የንብ ሒሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ቀዳሚ ናት። ማሩ ለብርዝና ለጠጅ፥ ለበሽተኛና ለእንግዳ፥ ሰሙም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሆን መሆኑን መንገር አያስፈልገንም። ቅኔያችንም ምስጢሩን የሚገልጠው በሰምና ወርቅ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ከማርና ከሰም የሚበልጥ፥ በገበያ ሚዛን የማይመዘን ሌላ ጥቅም አለ። ንብ ከአበባ ወደ አበባ ስትመላለስ ዱቄቱን ካንዱ ወደ ሌላው እያደረሰች ፍሬ እንዲያፈራ ታደርጋለች። ለምሳሌ ኑግ በራሱ አበባ ዱቄት በሚገባ አያፈራም፤ የሌላ ኑግ ዱቄት እንዲደርሰው ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የምታደርስለት በይበልጥ ንብ ናት። የባቄላ፥ የሽንኩርት ዘር፥ የቡናና የብዙ ፍራፍሬ ምርት ንብ በጐበኘችው ጊዜ ይሻሻላል። እንግዲህ ቀፎ የሌለው ገበሬ እንኳ የጐረቤቱን ንብ ድካም ሳያውቀው ይበላል።

በፍርድ አደባባይ ያለ ሰው ሌላ ልዩነት ደግሞ ያስተውላል። የንብ መንጋ ከአንዱ ቀፎ ወጥቶ በሌላው ሰው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ እንደ ሆነ ሁለቱ ባላገሮች «የኔ ነው፥ የኔ ነው» ተባብለው ይካሰሳሉ፤ ምስክር ይቈጠራል፥ ሽማግሌ ይቀመጣል። አንበጣ ግን በሰው መሬት ላይ ሲሰፍር የኔ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። እንዲያውም ሁሉም ጣሳ እየቀጠቀጠ፥ ጅራፍ እያጮኸ፥ ወደ ጐረቤቱ ይነዳዋል። ጐረቤቱም ደግሞ ወደ ሌላው ይነዳዋል። ሲመሽ አንበጣው በአንዱ ሰው እርሻ ላይ ያድራል፤ የተረፈው ሰው ግን ነገ የተመለሰበት እንደ ሆነ የሚረዳው ጐረቤት አይኖረውም። እንዲህ ያደረገ አገር የኩብኩባውን ሰልፍ ተማረ እንጂ የቀፎውን ሥርዓት አልተማረም።

ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል። አንበጣ መንጋ ሆኖ በተነሣ ጊዜ መርዝ መርጨት ግድ ይሆናል። ሕዝብ እህሉ እየተበላ ዝም ብሎ ይይ የሚል ሰው ቢኖር ከእርሱ ጋር አንስማማም፤ ረኃብ ከሁሉ ይቀድማልና። ነገር ግን ማላቲዮንና ክሎርፒሪፎስ የተባሉት፥ እነርሱንም የሚመስሉ መድኃኒቶች አንበጣን የሚገድሉት የጅማቱን ሥራ አውከው ነው፤ የንብም ጅማት ከዚያው ዓይነት ነው። መርዙ ይህ ጠላት፥ ይህች ወዳጅ ብሎ አይለይም። ንቢቱም በአበባው ላይ ከሞተች ጕዳቱ በእርሷ ብቻ ያቆም ነበር፤ ሳትሞት የተመለሰች እንደ ሆነ ግን የተመረዘውን የአበባ ዱቄት ይዛ ትገባለች፤ ሞግዚቶቹም ለልጆቹ ይመግቡታል። እንዲህ ሆኖ አንበጣው ከሄደ በኋላ ቀፎው ባዶ ይቀራል። ባለቤቱም በዚያው ዓመት አንድ ጊዜ በአንበጣው እህሉን፥ ሁለተኛ በመርዙ ማሩን፥ ሦስተኛም በተከታዩ ዓመት ኑጉና ባቄላው በሚገባ ሳያፈራ ሲቀር ምርቱን ያጣል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በተደረገው ርጭት ንባቸው እንዳለቀባቸው የተናገሩ ንብ አናቢዎች ጥቂት አልነበሩም።

ይህን ለመከላከል የሚቻልበት መንገድ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። አንደኛው ጊዜውን መቅደም ነው። አንበጣ ክንፍ ሳያወጣ በኩብኩባነቱ የተያዘ እንደ ሆነ በትንሽ ስፍራ ላይ ተከማችቶ ስለሚገኝ ጥቂት መድኃኒት ይበቃዋል፤ በድሮ ዘመን እንዳደረጉትም ቦይ ቈፍሮ ወደዚያ እየነዱ መቅበር ይቻላል። ስለዚህ በቈላ ያለ የአጥቢያ ሹም በሣር መካከል የሚርመሰመስ ኩብኩባ ታየ የሚል ወሬ በሰማ ጊዜ፥ ነገ እናያለን ሳይል በዚያው ቀን ለሚመለከተው ማስታወቅ ይገባዋል። የአንድ ሳምንት ቸልታ የብዙ አውራጃን አዝመራ ያስበላልና።

ሁለተኛው ሰዓቱን መምረጥ ነው። አንበጣ ሌሊት በዛፍና በቍጥቋጦ ላይ ሰፍሮ ያድራል፤ ማለዳም ፀሐይ ሰውነቱን እስክታሞቀው ድረስ አይበርርም። ንብም ብርዱ ሳይለቅ ከቀፎዋ አትወጣም። እንግዲህ ርጭቱ በማለዳ የተደረገ እንደ ሆነ አንበጣው ባለበት ይገኛል፥ ንቢቱም ከቤቷ ሳትወጣ ትቈያለች። ሦስተኛው ማስታወቂያ ነው። ነገ በዚህ ስፍራ ይረጫል የሚል ቃል ከዋዜማው በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ በመስጊድም ደጅ የተነገረ እንደ ሆነ፥ ባለ ንቡ ንቦቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ ቀፎውን በሌሊት አውርዶ ወደ ሩቅ ስፍራ ሊወስደው፥ ይህ ባይሆንለትም አየር በሚያሳልፍ እርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ለአንድ ቀን ሊያቈየው ይችላል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ሰው አስቦ ቃሉን ማድረስ ብቻ ነው።

አራተኛው የመድኃኒቱን ዓይነት መምረጥ ነው። ሜታሪዚየም የሚባል፥ ከአፈር የተገኘ የሻጋታ ዘር አለ። ይህ በአንበጣው ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ወደ ውስጥ በቅሎ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለ ጊዜ ይገድለዋል፤ ንብን ግን አይጐዳም። በ2012 ዓ.ም. በሶማሊያ በሰፊው ተሠርቶበታል። ጕድለቱ መዘግየቱ ነው፤ ለማጨድ በደረሰ እህል ላይ ለሰፈረ መንጋ አይደርስም። ኩብኩባ በምድረ በዳ ሳለ ግን ከዚህ የሚሻል መድኃኒት ለንብ ወዳጅ አይገኝም። ስለዚህ አስቀድሞ የተነሣ ሰው መድኃኒቱን የመምረጥ ዕድል አለው፤ ዘግይቶ የተነሣ ግን ያገኘውን ብርቱ መርዝ ሁሉ ይረጫል።

የቤት እመቤቶችንም አንድ ነገር እናሳስባለን። መርዝ ተረጭቶ የወደቀ አንበጣ ለዶሮ አይሰጥ፤ ልጆችም እየለቀሙ እንዳይጫወቱበት ይከልከሉ። በጥንት ዘመን አንበጣ በብዙ አገር ይበላ ነበር፤ ዛሬም የሚበላበት አገር አለ። ነገር ግን የተረጨውና ያልተረጨው ለዓይን አንድ ስለ ሆነ፥ ከሰማይ የወረደውን ሁሉ እንደ በረከት መሰብሰብ ለቤት አደጋ ነው። በተረጨበት ሜዳ ላይም ላሟ የምትሰማራበትን ቀን ከግብርና ሠራተኛው ጠይቆ ማወቅ ይገባል።

ልጆቻችሁ ሁለቱን ፍጥረታት ለይተው እንዲያውቁ የምትወዱ ወላጆች፥ ንብን ባየ ጊዜ በጥፊ የሚመታውን ልጅ ዝም አትበሉት። በመስከረም አደይ አበባ በፈነዳ ጊዜ ከቀፎው ራቅ ብላችሁ ወደ ሜዳ ይዛችሁት ውጡ፤ በእግሯ የተሸከመችውን ቢጫ ዱቄት አሳዩት፤ ካልነኳት እንደማትነካው፥ ከነደፈችውም በኋላ እርሷ ራሷ እንደምትሞት ንገሩት። ከዚያም በአቅራቢያው ያለውን የኑግ ማሳ አሳይታችሁ፥ በወጥ ውስጥ የሚገባው ዘይት ከማን ድካም እንደ ተገኘ ጠይቁት። አንበጣም በሣር ውስጥ ለብቻው ሲዘል ያገኘው እንደ ሆነ ይመልከተው፤ ብቻውን ሆኖ ሲዘል ያየውን ይህን ዓይናፋር ፍጥረት ጠላት ያደረገው ምን እንደ ሆነ ለመመርመር በዚያው ይጀምራል።

እናንተም ሹማምንት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን፥ የሚቀጥለው መንጋ መቼ እንደሚነሣ የሚያስታውቀው የዝናሙ ሁኔታ ነውና፥ በግዛታችሁ ውስጥ ቀፎ ያላቸው ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ፥ ቀፏቸውም በየትኛው ጐጥ እንደሚገኝ ከወዲሁ በመዝገብ አስጽፉ። የርጭቱ ቀን በደረሰ ጊዜ ማስታወቂያው ለማን መድረስ እንዳለበት የሚታወቀው መዝገቡ አስቀድሞ የተዘጋጀ እንደ ሆነ ነው፤ አይሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ግን ባለ ቀፎውን መፈለግ አይቻልም።